ለጀማል ብዬ የገባሁበት ማሽን

አንጎል እንደሚንቀሳቀስ አላውቅም ነበር። ልብ እንደሚመታ፣ ሳንባ አየር ሲገባው እንደሚነፋ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ። አንጎል ግን ራስ ቅል ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያስብ ነገር ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ያወቅሁት የራሴው አንጎል፣ ልቤ በመታ ቁጥር ወደ አንገቴ እየተገፋ ሲወርድና ሲመለስ ቁጭ ብዬ ባየሁ ቀን ነው። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ደግመው ያስነግሩኛል። እናንተም ሳትጠይቁኝ አትቀሩምና ከመነሻው ልንገራችሁ።

ስሜ ይርጋ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ታቦር አጠገብ ነው፤ አሰላ የመጣሁት በስፖርት መምህርነት ተመድቤ ነው። ሲመድቡኝ ጥቂት ዓመት ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። ብርዱን ለመድኩት፣ መሠረትን አገባሁ፣ ልጆች መጡ፣ የዝውውሩ ነገር በዚያው ቀረ። የማስተምረው በተለይ ጂምናስቲክ ነበር። በእጄ ቆሜ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር እሄድ ነበር። አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የማሳየው ይህንኑ ነው። ለራሴ ጉዳይ ሐኪም ቤት የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጉንፋን እንኳ እኔን ይፈራኛል እያልኩ በመምህራን ማረፊያ ክፍል እቀልድ ነበር።

ጀማል ጎረቤቴ ነው፣ ከጎረቤትም በላይ ነው። የአሰላ ልጅ ነው፤ ገበያው አጠገብ ቆርቆሮ፣ ምስማርና ቀለም ይሸጣል። ሁሩታ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ የሚያስተዳድረው ሌላ ሱቅ አለው። እኔና እሱ እኩዮች ነን። በመጣሁ ሰሞን ቤት ያፈላለገልኝ እሱ ነው፤ ኦሮምኛ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስሳሳት ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ይስቅብኝ ነበር። መሠረት የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ በፒክአፑ ሐኪም ቤት ያደረሰንም እሱ ነው።

ይህ ሳቂታ ሰው መሳቅ የሚያመው ሆነ። ሲስቅ፣ ሲያስልና ሲያስነጥስ ማጅራቱን በመዶሻ የተመታ ያህል ያመዋል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አቃተው። መድኃኒት ተሰጠው፣ ተሻለው፣ ተመልሶ ባሰበት። በመጨረሻ ኤምአርአይ ሲነሣ ምክንያቱ ተነገረው። ከኋላ በኩል ያለው የትንሹ አንጎል ታችኛው ጫፍ፣ ራስ ቅል ከአንገት ጋር በሚገናኝበት ቀዳዳ በኩል ወደ ታች ወርዷል። አብሮት የተወለደ የአፈጣጠር ችግር ነው። አዲስ አበባ ያሉት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ደግሞ ቀዳዳውን ለማስፋት ከኋላ አጥንት ማንሣት ሊያስፈልግ እንደሚችል ነገሩት።

ጀማል ይህን ከሰማ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ሱቁን ለወንድሙ አስረከበ። ተኳርፏቸው የነበሩትን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረ አፉ በሉኝ አላቸው። እኔ አጠገቡ ሆኜ አይዞህ እለዋለሁ፤ ጀርባውን መታ መታ አደርገዋለሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም።

በዚህ መሀል ነው የዶክተር ጫልቱ ስልክ የመጣው። ዶክተር ጫልቱ እዚያው አሰላ የኤምአርአይ ፎቶ የምታነብ ሐኪም ናት። እንዲህ ዓይነት ችግር ያለባቸው ሰዎች አንጎል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በማሽኑ የሚያጠና ቡድን ውስጥ ትሠራለች። ጀማልን ጥናቱ ውስጥ ለመግባት ፈቃደኛ እንደሆነ ጠየቀችው። ውጤቱ ለቀዶ ሐኪሙም ይጠቅማል አለችው። ጀማል እሺ አለ፤ ግን የመጀመሪያውን ፎቶ ሲነሣ ጠባቡ ቱቦ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት ስለነበር ብቻውን መሄድ ፈራ።

"አብረኸኝ ና" አለኝ። "በሩ ላይ ቁም። አንተ እዚያ እንዳለህ ካወቅሁ እችለዋለሁ።"

በማግስቱ ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ለቀቅሁና አብሬው ሄድኩ።

ዶክተር ጫልቱ ከእኛ በዕድሜ ታንሳለች፤ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሁለታችንንም አስቀምጣ አስረዳችን። የተለመደው ፎቶ አንጎሉ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚያሳየው። አንጎል ግን ልብ ደም በረጨ ቁጥር በጣም በትንሹ፣ ከክር ውፍረት ባነሰ መጠን ይንቀሳቀሳል። በዙሪያው ያለው ውሃ መሰል ፈሳሽም አብሮ ወደ አንገት ይወርዳል፣ ይመለሳል። ቀዳዳው በተጨናነቀበት ሰው ላይ ግን አንጎሉ እንደ ውታፍ ይሆናል፤ በተገፋ ቁጥር መንገዱን ይዘጋል። እነሱ የሚፈልጉት ያንን እንቅስቃሴ ማየት ነው። ማሽኑ ፎቶውን ከልብ ምት ጋር እያቀናጀ ያነሣል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ እንቅስቃሴውን ለዓይን እስኪታይ ድረስ ያጎላዋል።

አስረድታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። ጤነኛ ሰዎችንም ለማነጻጸሪያ እንደሚያነሡ፣ በዕድሜ ከጀማል ጋር የሚመሳሰል ወንድ እንዳላገኙ ነገረችኝ። እኔ መልስ ሳልሰጥ ጀማል ቀደመኝ።

"ይኸውልዎ ጤነኛ" አለ። "በእጁ እየቆመ የሚሄድ ሰው ነው። ከዚህ የተሻለ ከየት ያገኛሉ?"

ጀማል ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲቀልድ ስለሰማሁት ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ዶክተሯ የፈቃዱን ወረቀት ስታነብልኝ አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች። በምርመራው ያልተጠበቀ ነገር ቢገኝ እንዲነገረኝ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን ይገኛል ብዬ ነው? ይነገረኝ አልኩና ፈረምኩ።

ጀማል ቀድሞ ገባ። በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፤ ግን ጨርሷል። ትከሻዬን ይዞ ተራው ያንተ ነው አለኝ።

ተኛሁ። ባለሙያው ጣቴ ላይ የልብ ምት የምትለካ ትንሽ መቆንጠጫ ሰካብኝ፣ ጆሮዬን ሸፈነልኝ፣ ራሴን እንዳላነቃንቅ አስጠነቀቀኝና አልጋው ወደ ውስጥ ገባ። ድምፁ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ የሚመቱ ሰዎችን ይመስላል። እኔ ግን አልፈራሁም። ከሲሬና ከኦጎልቾ ከሚመጡ ትምህርት ቤቶች ጋር የጂምናስቲክ ውድድር ስለነበረብን የትኛው ተማሪ የትኛውን እንደሚሠራ በሐሳቤ እየደለደልኩ ነበር። ድምፁ ሲቆም አለቀ ብዬ ልነሣ ስል ባለሙያው በድምፅ ማጉያው ትንሽ ይቆዩ፣ አንድ ተጨማሪ እናነሣለን አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ተጨማሪ አለኝ።

ስወጣ ዶክተር ጫልቱን በመስተዋቱ በኩል አየኋት። ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታለች። እጄን ባነሣላትም ቀና ብላ አላየችኝም። ኮሪደሩ ላይ እንድንጠብቅ ተነገረን።

ጀማል ፊቱ ተለዋወጠ። "ስለ እኔ ነው" አለ። "ፊቷን አየኸው? ብሶብኛል።"

ያንተ ውጤት ገና አልተነበበም፣ ተረጋጋ እያልኩ አጽናናዋለሁ። መቁጠሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መጸለይ ጀመረ። ብዙ ቆየን። ከዚያ በሩ ተከፈተና ዶክተሯ ብቅ አለች። ጀማል ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

"መምህር ይርጋ" አለች። "እርስዎን ነበር። ብቻዎን።"

መፈረም የረሳሁት ነገር ይኖራል ብዬ ነው የገባሁት። ወንበር ሰጠችኝ፤ እሷም ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ለሁለት የተከፈለ የሚመስል የሰው ራስ ከጎኑ ይታያል፤ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ አገጩ፣ ከኋላ አንገቱ። ዶክተሯ አንድ ነገር ስትነካ ሥዕሉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከራስ ቅሉ በታች፣ ከኋላ በኩል፣ እንደ ምላስ የሾለ ነገር ወደ አንገቱ ቀዳዳ ወርዶ ይወተፋል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወተፋል። ምቱን የጠበቀ ነው። ሳላስበው ጀማልን አዘንኩለት።

"ምስኪን" አልኩ። "እንዲህ እየሆነ ነው ለካ የሚያመው።"

ዶክተር ጫልቱ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

"መምህር፣ ይህ የአቶ ጀማል አይደለም። የእርስዎ ነው።"

የሰማሁት ነገር ትርጉም አልሰጠኝም። ከዚያ የመጣልኝ ሐሳብ ተቀያይሯል የሚል ነበር። ሁለት ወንዶች፣ አንድ ዕድሜ፣ በተከታታይ የገቡ፤ በቀላሉ ይቀያየራል። ይህንኑ ነገርኳት። እሷም መጀመሪያ ያሰበችው ያንን እንደሆነ፣ ተጨማሪ ያስነሣችኝም ለዚያ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን እንደገና አየሁት። አፍንጫውን ልብ አልኩት። መሀሉ ላይ ጎበጥ ያለ፣ ጫፉ ወደ ታች የወረደ፤ የአባቴ አፍንጫ ነው፣ የእኔም ነው። የጀማል አፍንጫ እንደዚያ አይደለም።

የሚገርመው የፈራሁት በሽታውን አልነበረም። የፈራሁት ያ ነገር አሁንም፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እያየሁት፣ ውስጤ እየወረደና እየተመለሰ መሆኑን ነው። ልቤ በፍጥነት ሲመታ ይሰማኛል፤ በመታ ቁጥር ደግሞ አንጎሌ ይገፋል። ልቤን ማስቆም አልችልም።

"እኔን እኮ ራሴን አሞኝ አያውቅም" አልኳት።

አንዳንድ ሰው ላይ በራስ ምታት እንደማይጀምር ነገረችኝና ተነሥታ ሄደች። ስትመለስ ሁለት የላቦራቶሪ ብልቃጦች ይዛለች። ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘችኝ። ክንዴን ነካችው።

"ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?"

ነክታኛለች፤ መንካቷ በደንብ ይሰማኛል። ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ ግን አላወቅሁም። ቀዝቃዛ ብዬ ገመትኩ። እጄን፣ ትከሻዬን፣ ደረቴን ነካካች። ስትጠይቀኝ ሁሉም አንድ ነው አልኳት። ከዚያ ብልቃጡን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ስታደርገው ፍል መሆኑ ስለተሰማኝ እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። ዓይኔን ገለጥኩ። በቀኝ እጇ ከያዘችው ብልቃጥ እንፋሎት ይወጣል። ክንዴ ላይ ስታዞረው የነበረው እሱን ነው።

ቀጥላ እጄን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጣቶቼ ላይ የሚያብለጨልጩ ትናንሽ ጠባሳዎች አሉ። ከምን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ላይ በባዶ እጄ የማነሣው እኔ ነኝ፤ ባልደረቦቼ ይደነቁ ነበር፣ እኔም እኮራበት ነበር። እጄ ጠንካራ ነው ብዬ መለስኩላት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴው ሰማሁት።

"ጠንካራ ሆኖ አይደለም መምህር" አለች ቀስ ብላ።

ምን እንደጠረጠረች አልደበቀችኝም። ፈሳሹ መንገድ ሲያጣ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል፤ የሙቀትና የሕመም ስሜት የሚያስተላልፉትን ነርቮች ከመሀል ይጫናቸዋል። ይህን ለማረጋገጥ በማግስቱ ተመልሼ ጀርባዬን በሙሉ መነሣት አለብኝ። እስከዚያ ከባድ ነገር እንዳላነሣ፣ እንዳልዘል፣ በእጄ እንዳልቆም፣ እንዳልገለበጥ አዘዘችኝ።

"ባደርገውስ?" አልኳት። ልፈታተናት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

"ምንም ላይሆን ይችላል። እስካሁን አልሆነም። በአንገትዎ ከወደቁ ግን እጅና እግርዎን ማዘዝ ሊያቅትዎት ይችላል። እስካሁን እንዴት እንደተረፉ እኔም ገርሞኛል።"

ኮሪደሩ ላይ ጀማል ቆሞ ይጠብቀኛል። ምን አለችህ ሊለኝ ሲል ፊቴን አየና የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው የነገርኩት። ቁልፉን አስገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ብዙ ቆየ። "ተሳስተዋል" አለ በመጨረሻ፣ "ነገ ይታረማል።"

ለመሠረት እንዴት እንደምነግራት እያሰላሰልኩ ነበር ቤት የደረስኩት። ምሳ ልታቀርብ ድስቱን ከምድጃው ልታወርድ ስትል እንደልማዴ ተይ እኔ ላውርደው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እጄን እንደዘረጋሁ ቆሜ ቀረሁ። ድስቱን አየሁት፣ እጄን አየሁት። ምን ሆነሃል አለችኝ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። መሠረት የምታለቅስ ሴት አይደለችም። እጄን ይዛ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ሰማችኝ።

ስጨርስ "ስንት ዓመት ትኩስ ድስት ሳወርድ ተይ እኔ ላውርደው ትለኝ ነበር" አለች። "እኔ ደግሞ ለእኔ ስትል እየተቃጠልክ የምትችለው ይመስለኝ ነበር።"

ያን ቃል ስሰማ ነው እንባዬ የመጣው። የሁለታችን ፍቅር ምልክት ያልነው ነገር በሽታ ሆኖ ተገኘ። እሷም ይህን ማሰቤን አውቃ መሰለኝ፣ ለእኔ ማለትህ እውነት ነው፣ ሌላው ሌላ ነው አለችኝ።

በማግስቱ የምርመራው ቀጠሮ ከቀትር በኋላ ስለነበር ጠዋት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቤት ብቀመጥ የማብድ መሰለኝ። ተማሪዎቼ ፍራሹን ሜዳው ላይ ዘርግተው፣ ዳርና ዳር ተሰልፈው መሀሉን ትተውልኛል። ልምምድ የምንጀምረው እኔ በእጄ ቆሜ ነውና እንደሁልጊዜው ይጠብቁኛል። ከጭላሎ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ የፍራሹን ጫፍ ያነሣዋል። ዛሬ እናንተ ናችሁ የምታሳዩኝ አልኳቸው። ቅር ቢላቸውም ጀመሩ።

አንዷ በእጇ ቆመች፤ እግሯን ያዝኩላት። ሺህ ጊዜ ያደረግሁት ነገር ነው። ያን ቀን ግን ከአንገቷ ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ቀጭን አንገት፣ ከመላ ሰውነቷ በታች የተንጠለጠለ፤ ከዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ቀስ አድርጌ አወረድኳትና ልምምዱ አብቅቷል ብዬ በተንኳቸው። ተማሪዎቹ እርስ በርስ እየተያዩ ሄዱ። እኔ ፍራሹ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። በዚያው ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደተገለበጥኩ፣ ስንት ጊዜ በጭንቅላቴ ወድቄ እየሳቅሁ እንደተነሣሁ እያሰብኩ ነበር።

ከቀትር በኋላ መሠረትና ጀማል አብረውኝ ሄዱ። ጀርባዬን በሙሉ አነሡኝ። ዶክተር ጫልቱ አዲስ አበባ ካሉት የቀዶ ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋግራ፣ ሁለታችንም ፈቃዳችንን ከሰጠን በኋላ አንድ ላይ አስገባችን። የእኔና የጀማል ሥዕል ጎን ለጎን ይንቀሳቀሳል።

የጀማል የአንጎሉ ጫፍ በእርግጥ ዝቅ ብሏል፤ ግን እምብዛም አይገፋም፤ ፈሳሹም ከፊትም ከኋላም ያልፋል። ህብለ ሰረሰሩ ደህና ነው። የቀዶ ሐኪሙም እንቅስቃሴውን ካዩ በኋላ አሁን ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፣ ራስ ምታቱ በመድኃኒት ይታከም፣ ክትትሉም ይቀጥል ብለዋል። የእኔ ደግሞ ከአንገቴ እስከ ደረቴ ድረስ ህብለ ሰረሰሬ መሀል ፈሳሽ የሞላበት ረጅም ቦይ ተከፍቷል። ብዙ ሳይቆይ መሠራት አለበት። ካልተሠራ እጆቼ እየከሱ፣ ቀጥሎም እግሮቼ እየከዱኝ ይሄዳሉ።

መሠረት እጄን ጨበጠችው። ጀማልን አየሁት። ስንት ወር ሲፈራው የነበረው ነገር ከላዩ ወርዶለታል። አልሐምዱሊላህ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን በመዳፉ አፉን ሸፍኖ ተነሥቶ ወጣ።

ተከትዬው ስወጣ ፒክአፑን ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"አልሐምዱሊላህ ማለት አቃተኝ" አለኝ። "አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ እንዴት ብዬ?"

በል፣ እኔም ተመስገን እልልሃለሁ አልኩት። አልኩለትም። እሱ ግን ያን ቀን አላለም።

የተሠራሁት አዲስ አበባ ነው። ከራስ ቅሌ ኋላ አጥንት አነሡልኝ፣ ለአንጎሌ ቦታ ሰፋለት። ጀማል ሱቁን ትቶ ከመሠረት ጋር ከአልጋዬ አጠገብ ሰነበተ። ስነቃ ያየሁት የሁለቱን ፊት ነው። አንገቴ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ ማቅለሽለሹ ለጠላት አይስጥ። ግን እግሬን አንቀሳቅስ ሲሉኝ ተንቀሳቀሰ፤ ጣቴን ስባል ጣቴም ታዘዘኝ።

ዛሬ ደህና ነኝ። በኋላ ዶክተር ጫልቱ እንደገና አንሥታኝ ሁለቱንም ሥዕል አሳይታኛለች። ያ የሚወተፈው ጫፍ ቦታ አግኝቶ ረግቷል፤ ህብለ ሰረሰሬ ውስጥ የነበረው ቦይም ጠቦ ክር መስሏል። እጄ ግን ሙቀት የመለየት ችሎታውን ሙሉ በሙሉ አልመለሰም። ለልጆቼ የገላ ውኃ ሳዘጋጅ ሙቀቱን በእግሬ ነክቼ ነው የማውቀው፤ ልጆቹ ይስቁብኛል። በእጄ አልቆምም፣ አልገለበጥም። ተማሪዎቼን በቃል ነው የማስተምረው። መጀመሪያ ላይ ይህ ሞት መስሎኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ ማለት እችላለሁ፣ ፍራሹ በተዘረጋ ቁጥር ባይሆንም።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ሁላችሁም ሮጣችሁ ማሽን ውስጥ ግቡ እያልኳችሁ አይደለም። ዶክተሯም ያንን አትመክርም። ይህን ታሪክ ከሰሙ በኋላ አንገታቸውን እየዳሰሱ የመጡልኝ ሰዎች አሉ፤ አረጋግቼ መልሻቸዋለሁ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ በሽታው ራሱ አይደለም። ራሴን ምን ያህል አላውቀውም ነበር የሚለው ነው። ሰውነቴ በየቀኑ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጥንካሬ ብዬ ተረጎምኩት። የማያመኝ መሆኑን ጤና አልኩት። እናንተ ግን የማይሰማችሁን ነገር ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ የሚያማችሁን ያህል ጠይቁለት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከአዲስ አበባ ስንመለስ መሠረት ከኋላ ወንበር ተኝታ ነበር። ኢተያን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጀማል መኪናውን ከአስፋልቱ ዳር አቆመ። ስንዴው በሁለቱም በኩል ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ሳያየኝ ተናገረ።

"ካልነገርኩህ አልችልም። ያን የመጀመሪያ ቀን መኪና ውስጥ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ለአፍታ ነው። የታመመው እሱ ነው፣ ከእኔ ላይ ተነሣ ማለት ነው ብዬ። ወላሂ ይርጋ፣ ከዚያ ወዲህ ፊትህን ማየት ይከብደኛል።"

ደነገጥኩ። አልጋዬ አጠገብ ወንበር ላይ እያደረ ውኃ ሲያጠጣኝ የሰነበተ ሰው ነው። ልቆጣው ፈለግሁ፤ ቁጣው ግን አልመጣልኝም። እኔም እውነቱን ነገርኩት።

"አንተ የታመምክ ጊዜ ሐዘኔ የውነት ነበር" አልኩት። "ማታ ማታ ግን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አንድም ቀን ሳልተኛ አላደርኩም።"

ጀማል ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና መኪናውን አስነሣ። እስከ አሰላ ድረስ ጉድጓድ ባየ ቁጥር አስቀድሞ ፍጥነቱን እያበረደ፣ አንገቴን እንዳይንጠው በአንድ እጁ ማጅራቴን ደግፎ ይዞኝ ሄደ።